ከአስር ዓመት በኋላ እጃችሁና ጆሯችሁ ላይ ምን እንዲኖር ትፈልጋላችሁ?

የአዌቱ ልጅ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ሰሞኑን ደንበኞቼ ስማርት ሰዓትም ይዘው መምጣት ጀምረዋል። ቀለበቱም እየመጣ ነው፤ ሳምሰንግ ጋላክሲ ሪንግን በ2024 በ399 ዶላር ለገበያ አውጥቷል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።) ካሜራ ያለው መነፅሩም አለ።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከአስር ዓመት በኋላ ምን ዓይነት መሳሪያ እንዲኖራችሁ ትመኛላችሁ? የማስታወቂያ ወሬ ይቅርብን። ዝናቡ፣ መብራቱ፣ ኔትወርኩ እናንተው የምታውቁት በሆነበት ከተማ ምን ቢኖር ይጠቅማችኋል?

የኔን ልጀምር። የገዛሁት ነገር የኔ ይሁን፤ ሌላ አልፈልግም። ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገራችሁ። ሂዩሜን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ2024 ደረት ላይ የሚለጠፍ፣ በሰው ሰራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የሚሰራ ኤአይ ፒን የሚባል መሳሪያ አወጣ። ስክሪን የለውም። ታናግሩታላችሁ፣ ይመልሳል፣ መዳፋችሁ ላይ በብርሃን ይጽፋል። ዋጋው 699 ዶላር፣ በዚያ ላይ በየወሩ 24 ዶላር። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ኩባንያው አብዛኛውን ንብረቱን በ116 ሚሊዮን ዶላር ለኤችፒ ሸጠና በፌብሩዋሪ 2025 ማብቂያ ሰርቨሩን፣ ማለትም መሳሪያው በኢንተርኔት መልስ የሚያመጣበትን ኮምፒውተር፣ ዘጋ። ባትሪው ደህና፣ ቦርዱ ደህና፣ ማይኩ ደህና፤ መሳሪያው ግን የለም። እኔ ጋ ቢያመጡት ምኑን እጠግነዋለሁ?

ስለዚህ የምመኘው ሰዓት ኩባንያው ቢከስርም ሰዓት ሆኖ የሚቀጥል ነው። ባትሪውም በሙጫ ያልተጣበቀ ይሁንልኝ። እናንተስ?

ባለባጃጅ ነኝ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡31

የኔ ነገር ሰዓትም መነፅርም አይደለም። ተሳፋሪ ይወርድና «በቴሌብር ልኬልሃለሁ» ይላል። ከኋላዬ ክላክስ ይጮሃል። ስልክ አውጥቼ ሜሴጅ እስካነብ ሰውዬው የለም። አንዳንዱ ደግሞ የባለፈውን ሳምንት ስክሪንሾት ያሳይሃል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ህንድ አገር ሱቆች ውስጥ ትንሽዬ ሳጥን አለች። ክፍያ ሲገባ ጮክ ብላ ትናገራለች። እሷን መሪ ላይ የምትታሰር፣ ዝናብ የማትፈራ፣ መንገዱ ሲያንገጫግጫት የማትፈታ አድርጎ የሚሰራልኝ ሰው ይምጣ። በአማርኛም በኦሮምኛም «ሃያ ብር ገብቷል» ትበለኝ። ስንት እርምጃ እንደተራመድኩ የሚነግረኝ ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ተቀምጬ ነው የምውለው።

ሲስተር ነኝ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡02

እኔ አዲስ ነገር ከመምጣቱ በፊት እንዲጠፋልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ገበያ ላይ «ግፊት ይለካል፣ ስኳር ይለካል» እየተባለ የሚሸጠው ሰዓት።

ታካሚ ይመጣና «ሲስተር፣ ሰዓቴ 120 በ80 ነው የሚለው» ይለኛል። በቢፒ መለኪያው ስለካው 170 ከምናምን። መድኃኒቱን ካቆመ ሰንብቷል፤ ሰዓቱ «ደህና ነህ» ብሎታላ።

ስኳሩማ የባሰ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በፌብሩዋሪ 2024 ቆዳ ሳይበሳ ስኳር እለካለሁ ለሚል ሰዓትም ሆነ ቀለበት ፈቃድ እንዳልሰጠ ገልጾ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ለአንድም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የሐሰት ቁጥር አይቶ መጠኑን ቢጨምር ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። እባካችሁ ለእናት ለአባቶቻችሁ ይህን ዓይነት ሰዓት በስጦታ አትግዙ።

የሶፍት ሐኪም · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡06

የጓደኛዬን ሰዓት የሶፍት ጥቅል ላይ አሰርነው። የልብ ምት 78። ሶፍቱ ፍጹም ጤነኛ ነው።

ቦርድና ቡና · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

@የሶፍት ሐኪም ሳቄን አመጣኸው፣ ግን እውነት ነው፤ ምክንያትም አለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ነው የምማረው፣ እስቲ ላስረዳ።

ከሰዓቱ ስር የሚበራው አረንጓዴ መብራት ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ልብ በመታ ቁጥር የደም ስር ይሞላል፣ ደሙ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ የሚመለሰው ያንሳል። ይህን ከፍ ዝቅ ቆጥሮ ነው የልብ ምት የሚነግረን። ጥሩው ሰዓት ከስሩ ያለው በእርግጥ ክንድ መሆኑን ለማጣራት ይሞክራል። ርካሹ ግን ያገኘውን መንቀጥቀጥ ሁሉ ቁጥር አድርጎ ይሰጣችኋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ርካሹ ብቻ አይደለም። በዲሴምበር 2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ «ከ92 እስከ 96 ከመቶ ነው፣ ደህና ነው» ብሎ ያሳለፋቸውን ሕሙማን በደም ናሙና አመሳከሩ። ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ወርዶ የተገኘው ከነጮቹ 3.6 ከመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 ከመቶ ነበሩ። መሳሪያው የሆስፒታል መሳሪያ ነው፤ ሰዓት እንኳ አይደለም። ጥቁር ቆዳ ብርሃኑን ራሱ ስለሚውጥ መሳሪያው ሲሰራና ሲፈተን ያ ካልታሰበበት ስህተቱ የሚያርፈው እኛ ላይ ነው።

ተስፋዬ እዚህ ላይ ነው። መሳሪያው ተሰርቶ ካለቀ በኋላ እንድንገዛው ብቻ ሳይሆን ሲፈተን የኛም ክንድ ይኑርበት። ጅማ ላይ ሐኪሙም መሐንዲሱም አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው። ፈቃደኛ ሰው ሞልቷል። የጎደለው «ኑ፣ እዚህም ፈትኑት» ብሎ በር የሚያንኳኳ ነው።

@ሲስተር ነኝ ስለ ስኳር፣ ትክክለኛው ነገርማ አለ። ክንድ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ፣ ሳንቲም የሚያህል፣ ቀጭን ክር ቆዳ ስር የሚያስገባ። በየደቂቃዎቹ ለክቶ ስልክ ላይ ይልካል። በስፋት የሚታወቀው ፍሪስታይል ሊብሬ 2 14 ቀን ያገለግላል፣ ከዚያ ይጣላል። ዓመቱን ሙሉ ለመጠቀም 26 ያህል መግዛት ነው እንግዲህ።

ሲስተር ነኝ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡48

26 ትላለህ ወንድሜ? ከጣት በሚወጣ ደም ስኳር ለሚለካው ለተራው ግሉኮሜትር ስትሪፕ መግዛት አቅቶት በወር አንዴ እኛ ጋ መጥቶ የሚለካ ሰው አለ። የኔ ተስፋ እንግዲህ ይኸው ነው፤ የሚጣለው የማይጣል ይሁን፣ ወይም የስትሪፕ ያህል ይርከስ።

ጀንፈል · እሁድ፣ ከጠዋቱ 1፡20

የቡና ሰው ነኝ። ጎማ ወረዳ ውስጥ ከገበሬ ጋር ነው የምውለው። ከናንተ ራቅ ያለ ነገር ላምጣ፣ ግን እጅ ላይ የሚታሰር መሳሪያ ያገባዋል።

የአውሮፓ ህብረት ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አላስገባም የሚል ሕግ አውጥቷል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተራዝሟል፣ እንደገናም ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን ቀጥሏል። ሕጉ እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይጠይቃል፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ድረስ። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያውን ይለካል። ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። የኛ ገበሬ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ግን የኛ ቡና የሚበቅለው ጥላ ስር ነው። ዋንዛው አለ፣ ብሳናው አለ፣ ቅጠሉ ዝናብ ጠጥቶ ሲከብድ ደግሞ ሰማይ አይታይም። የሳተላይቱ ሲግናል በግንድና በቅጠል እየተንገላታ ነው የሚደርሰው። ሜዳ ላይ አምስት ሜትር ያህል የሚስት ስልክ ዛፍ ስር ሲገባ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ይከታችኋል። እኔ ቆሜ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጥብ ስትራመድ አያለሁ። በድንበር ተጣልተው ሽማግሌ የጠሩ ሁለት ሰዎች ፊት ይህን ማሳየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

መፍትሔው ግማሽ መንገድ መጥቷል። በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል ጂፒኤስ ያለው ስልክ በጣም ይሻላል። ሻዎሚ ሚ 8 በ2018 ይህን ይዞ የወጣ የመጀመሪያው ስልክ ነበር። ዛሬ በብዙ ስልክ ላይ አለ፣ ርካሾቹ ላይ ግን የለም። ገጠር የሚዞር ሠራተኛ እጅ ላይ ያለው ደግሞ ርካሹ ነው።

የምመኘው ሰዓት ባትሪው ሳምንት የሚቆይ፣ ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ ዛፍ ስር የማይደነግጥ ነው። ከዚህ በላይ ግን ነጥቡ ገበሬው እጅ ላይ ይቅር። አሁን ለኪው ለክቶ፣ አስፈርሞ፣ ይዞት ይሄዳል። ነገ ሌላ ገዢ ሲመጣ እንደገና ይለካል። ገበሬው የራሱን ማሳ መረጃ ከሰው ይለምናል።

ስለ እርጥበት መለኪያም ብዙ ማለት ይቻል ነበር። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እርጥበቱ 11 ወይም 12 ከመቶ ሲደርስ ነው መነሳት ያለበት። ገበሬው በጥርሱ ነክሶ ነው የሚያውቀው፤ መለኪያው ማኅበሩ ቢሮ ተቆልፎበታል።

ዝም አልልም · እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ደስ የሚል ምኞት ነው፣ ግን እኔ ውሃ ልቸልስበት። ሰውነታችን ላይ የምናስረው መሳሪያ ሁሉ ስለኛ ለሌላ ሰው ይናገራል። ስትራቫ የሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትን መንገድ ሁሉ ሰብስቦ የዓለም ካርታ አወጣ። በ2018 መጀመሪያ አንድ ተማሪ ካርታውን ሲያየው በረሃ መሃል የሚያበሩ መስመሮች አገኘ። የአሜሪካ ወታደሮች በጦር ሰፈራቸው ዙሪያ ሲሮጡ ነበር። ስም የለበትም፣ ግን ቦታው ተናገረ። የአሜሪካ ጦር ያልጠበቀውን ምስጢር እኔ ልጠብቅ?

መነፅሩማ ይቅር። ለቅሶ ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰርግ ቤት ካሜራ ያለው መነፅር ያደረገ ሰው ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ ደስ አይለኝም። ሲቀርጽ ትንሽ መብራት ይበራል ይላሉ። መብራቷን በፕላስተር ለመሸፈን የሚሞክር አይጠፋም።

በጆሮዬ አነባለሁ · እሁድ፣ ከጠዋቱ 4፡30

@ዝም አልልም እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ግን መነፅሩን ከመከልከልሽ በፊት የኔንም ስሚኝ። ማየት አልችልም። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ።

ቢ ማይ አይስ የሚባል መተግበሪያ አለ፣ ዴንማርክ ውስጥ ነው የተጀመረው። በ2015 ሲወጣ በቪዲዮ ስትደውል ፈቃደኛ ሰዎች ከፊትህ ያለውን ይነግሩህ ነበር። ከ2023 ወዲህ ኤአይም ፎቶውን አይቶ ይገልጻል። ስልክ ሲሆን ግን አንድ እጄ ይያዛል። በአንዱ በትር፣ በሌላው ስልክ፣ ደብተሩን በምን ልያዝ? ዝናብ ካለ ደግሞ ጃንጥላው አለ። መነፅር ለኔ ቅንጦት አይደለም።

የምፈልገውን ልናገር። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የፈተና ፕሮግራም፣ በእጅ የተጻፈ የፎቶ ኮፒ ቤት ዋጋ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የባጃጅ ሰሌዳ ቁጥር። እንዲያነብልኝ የምፈልገው እነዚህን ነው። በአማርኛ። ስልኬ ላይ አማርኛ የሚያነብ ኢስፒክ የሚባል ነፃ ድምፅ አለኝ፣ ባለውለታዬ ነው፣ ግን ረጅም ጽሑፍ ሲያነብ ጆሮ ያደክማል። ቤታችን ደግሞ ኦሮምኛም አማርኛም ነው፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር በአንዱ ተጀምሮ በሌላው ያልቃል። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፍ የቻለው በ2017 ነው። ኦሮምኛ ወደ ትርጉም አገልግሎቱ የገባው በ2022። መንገዱ ተጀምሯል፣ ሁለቱን ቀላቅለን ስናወራ ግን ይጠፋበታል።

ሌላም አለ፤ ይህ ሁሉ ሰርቨር ሳይጠይቅ እዚያው መሳሪያው ላይ ይሰራልኝ። ዳታ ባለቀብኝ ቀን ዓይኔም አብሮ መጥፋት የለበትም። ያኔ ፎቶው የትም አይሄድም፣ ያንቺም ስጋት በከፊል ይቀላል።

ዝም አልልም · እሁድ፣ ከጠዋቱ 4፡52

በዚህ አልከራከርህም ወንድሜ። መሳሪያው ላይ ቀርቶ የሚያልቅ ከሆነ እኔም አብሬህ እፈርማለሁ። የልቅሶ ቤቱ ነገር ግን እንዳለ ነው።

ነገረኛው · እሁድ፣ ከቀኑ 7፡10

ሁላችሁም ያልነካችሁትን ልንካ። ብር። ሐምሌ 2016 (በኛ) ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሰው ሁሉ ስልክ አንድ ደረጃ ወርዷል። የ399 ዶላር ቀለበት ትላላችሁ፣ እኔ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዤ ነው ይህን የምጽፈው። ጠጋኙም «የገዛሁት የኔ ይሁን» ይላል፤ ማን ይሰማሃል? ጅማ ሆነህ ኩባንያ ታዛለህ?

የአዌቱ ልጅ · እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡25

@ነገረኛው ስልኩን ይዘህ ና፣ ስክሪኑን በቅናሽ እንነጋገራለን።

ማን ይሰማሃል ላልከው ግን እኔን አይሰሙም፣ አውሮፓን ይሰማሉ። ከጁን 20፣ 2025 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ሞዴል ስልክ ባትሪው 800 ጊዜ ሞልቶ ባዶ ሆኖም 80 ከመቶ አቅሙ ሊኖረው ይገባል። መለዋወጫው ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 ዓመት መገኘት አለበት፣ የሶፍትዌር ማሻሻያው ለ5 ዓመት። ከፌብሩዋሪ 2027 ደግሞ ባትሪን ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ መቀየር እንዲችል የሚያስገድድ ሌላ ሕግ ይመጣል፣ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም።

ለኛ ምናችን ነው? እኛ ጋ የሚመጣው ያገለገለ ስልክ ነው። እነሱ ሦስት ዓመት ይዘውት ሲለቁት ለኛ አዲስ ነው። አሁን ሶፍትዌሩ የቆመ፣ ባትሪው የሞተ ስልክ ነው የምንቀበለው። ሕጉ በትክክል ከሰራ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው ስልክ ይለወጣል። የሚያናድደኝ የ2025ቱ ሕግ ስልክና ታብሌት ላይ መቆሙ ነው፤ ሰዓትን አይነካም። ሰዓት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ስክሪኑን በሙቀት አላቅቄ ባትሪ ስቀይር ውሃ የሚከላከለው ማሸጊያ ይበላሻል። ደንበኛው ያንኑ ቀን እጁን ሲታጠብ ውሃ ይገባበታል። ውሃ ይከላከላል ለማለት የሚጻፈው አይፒ68 የሚለው ጽሑፍ ከፋብሪካ ለወጣ ዕቃና ለንጹህ ውሃ ነው። ለሳሙናም ለእንፋሎትም አይደለም።

አንድ ተስፋ የሚሰጥ ታሪክም አለ። ፔብል የሚባል ሰዓት ነበር፤ በ2012 ከሕዝብ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ተነሳ። ስክሪኑ ብዙ መብራት አይበላም፣ ባትሪው ቀናት ይቆያል። በ2016 ኩባንያው ተዘጋና ፊትቢት ገዛው፣ ፊትቢትን ደግሞ ጉግል። ሰርቨሩም ጠፋ። ግን ተጠቃሚዎቹ ሬብል የሚባል የራሳቸውን አገልግሎት አቋቁመው ሰዓቱን በሕይወት አቆዩት። በጃንዋሪ 2025 ጉግል ሶፍትዌሩን ለሁሉም ክፍት አደረገው፣ የመጀመሪያው መስራች ኤሪክ ሚጂኮቭስኪም አዲስ ሰዓት ወደ መስራት ተመለሰ። መጀመሪያ ላይ ካነሳሁት ከሂዩሜን ፒን ጋር አስተያዩት። ሶፍትዌሩ ክፍት ቢሆን እዚህ ያለ ልጅም ገብቶ ኦሮምኛ ሊጨምርበት ይችላል።

ጡረታ ላይ · እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ልጆች፣ ጥሩ ታወራላችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅ።

ልጄ ከውጭ የላከችልኝ ሰዓት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰባት ይለኛል። ስልኩን በእጄ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስመልሰው ደግሞ የሚደርሰኝ መልእክት ሁሉ ገና ባልመጣ ሰዓት የተላከ ይመስላል። ጳጉሜንን አያውቃት። ይህን ያህል የተራቀቀ ዕቃ የኛን ሰዓት መቁጠር አቅቶት አይመስለኝም፤ አጥብቀን የጠየቅን አይመስለኝም እንጂ።

ሁለተኛው ጆሮዬ ነው። ኤርፖድስ ፕሮ 2 ለመስማት ለሚቸገር ሰው እንዲያገለግል አሜሪካ ውስጥ በሴፕቴምበር 2024 ተፈቀደ፣ ዋጋውም ያኔ 249 ዶላር ነበር ብላኛለች ልጄ። የማዳመጫ መሳሪያ ከዚህ በብዙ እንደሚወደድ አውቃለሁ። ትላክልኝ ወይ?

ቦርድና ቡና · እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡55

ጋሼ፣ ለሰዓቱ ጊዜያዊ ዘዴ ልንገርዎ። ሰዓቱን በእጅ አያስተካክሉ። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የሰዓት ቀጣናውን ብቻ «ቦነስ አይረስ» ያድርጉት። አርጀንቲና ከኛ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የአስራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ይምረጡ፣ መልእክቱም ከሰዓቱ ጋር ይገጥማል። ቀኑ የሚቀየረውም ንጋት አስራ ሁለት ላይ ይሆናል፣ እንደኛው። ለጳጉሜን ግን መላ የለኝም።

የአዌቱ ልጅ · እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጋሼ፣ ለጆሮው ገና ገንዘብ አታውጣ ይበሏት። አንደኛ፣ የመስሚያ ፈተናውና ማስተካከያው አይፎን ወይም አይፓድ ይፈልጋል። እርስዎ የያዙት አንድሮይድ ከሆነ ተራ ኤርፎን ነው የሚሆንብዎ። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱ በየአገሩ ፈቃድ ነው የሚከፈተው፤ እዚህ መስራቱን ሳታረጋግጥ አትግዛ። ሦስተኛ፣ የተፈቀደው ለቀላልና ለመካከለኛ የመስማት ችግር ነው።

ከሁሉም በፊት ሆስፒታል ሄደው ጆሮዎን ይታዩ። አጎቴ እንዲሁ «ደነቆርኩ» ሲል ከርሞ ኩክ ነበር፣ አጥበው ለቀቁት።

ጡረታ ላይ · እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡31

ቦነስ አይረስ ሰርቷል። ሰኞ ጆሮዬን ልታይ እሄዳለሁ። ስልኬ አንድሮይድ ነው፣ ስለዚህ ልጄን ቆይ ብያታለሁ።